ከበርሜሉ ሥር ያለው ድንጋይ

የጠብታ መስኖውን የገዛሁት ለጎመን ብዬ አይደለም፤ ባሌን ከቦዩ ለማራቅ ነው። ከቦዩ ካልራቀ አንድ ቀን ወይ የሱን ሬሳ ያመጡልኛል፣ ወይ እሱ የወንድሙን ሬሳ ትቶ ይሸፍታል። ይህን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም ነበር። የግራ ክንዱን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ቤታችን ቀየት ከሚባለው ቦታ ወረድ ብሎ ያለ ተዳፋት ላይ ነው። የአማቼ መሬት ነበር፤ ሲሞቱ ለሁለት ተከፈለ፤ የላይኛው ለታላቁ ልጃቸው፣ የታችኛው ለባሌ። ሳይከፈል የቀረው ውሃው ነው። ምንጩ ከላይ ገደሉ ሥር ይፈልቅና በአንዲት ቦይ ይወርዳል። መጀመሪያ በታላቁ ማሳ ያልፋል፣ ከዚያ ወደኛ ይመጣል፣ ከኛ አልፎ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። በበጋ ውሃው በተራ ነው። ተራውን የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸው ዛሬ የእገሌ ነው ካሉ የእገሌ ነው። በአፍ ሲሉት እንዲህ ቀላል ነው። የኛ ተራ ሲደርስ ግን ውሃው ቀጥኖ፣ ቀጥኖ፣ እንደ ድመት ሽንት ሆኖ ነበር የሚመጣው። ባሌ አካፋውን ይዞ ቦዩን ሽቅብ ይከተላል። ከታላቁ የሽንኩርት መደብ አጠገብ ቦዩ ተሸንቁሮ ያገኘዋል። ይደፍነዋል። ተመልሶ ቤት ሳይደርስ ውሃው ይቆማል።

እኔ በቀበሌው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ቀን ቀን ቤት አልገኝም። የተጣሉት ግን ቅዳሜ ነበርና ሁሉም ነገር ዓይኔ እያየ ሆነ።

ባሌ ታላቅ ወንድሙን ጋሼ ብሎ፣ አንቱ ብሎ ያደገ ሰው ነው። ያን ቀንም ሽቅብ ወጥቶ "ጋሼ፣ ኧረ ይሄ ነገር ይብቃን" ሲላቸው ከአጥሬ ጥግ ሆኜ ሰምቻለሁ። እሳቸው ቀና አላሉም። ውሃውን በአካፋቸው ወደ ሽንኩርታቸው እየመሩ "ጠብቅ፣ ይደርስሃል" አሉት።

"ተራው ከጠዋት ጀምሮ የኔ ነው'ኮ።"

"እንግዲህ ውሃው አላወቀህም።"

በቃ፣ ይቺ ናት። የአባቱ መሬት ላይ ቆሞ፣ የአባቱ ውሃ አላወቀህም ተባለ። ባሌ የሚናደደው ቀስ ብሎ ነው፤ ፊቱ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው ሲቀላ ከታች ሆኜ የታየኝ መሰለኝ። "አንተ" አላቸው።

ታላቁ ቀና አሉ። "ምን አልክ?"

ደገመላቸው።  ባሌ በቴስታ አላቸው፤ አፍንጫቸው ደም ተፋ። ወደ ኋላ ተንገዳገዱና አካፋውን በሁለት እጃቸው አንስተው አወረዱት። ያሉት ጭንቅላቱን ነበር፤ በክንዱ መከተ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰብሩት የሚሰማው ድምፅ ነው። ባሌ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። እሳቸው ጀርባው ላይ በጉልበታቸው ተቀምጠው ፊቱን ጭቃው ውስጥ እየደፈቁ "ጠጣ፣ ውሃ አይደል የምትለው፣ እንካ ጠጣ" ይሉታል። እየጮኽኩ ሮጥኩ፤ የሮጥኩት ግን ሽቅብ ነው። ከእኔ በፊት ሰው ደርሶ አወጣው። ሲያወጡት ከአፉም ከአፍንጫውም ጭቃ ይፈስስ ነበር። ያን ጊዜ የጠላኋቸውን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ክንዱን ወጌሻ አሰረው፤ ተጣሞ ገጠመ። እስካሁን ጎመን ሲነቅል ክርኑ ወደ ውጭ ይወጣል።

ሽማግሌ ገባ። በኛ አገር ደም ከፈሰሰ ጥፋተኛው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የተበዳዩ በር ድረስ ይሄዳል፤ ተበዳዩ ይጣሉት ካላለ ድንጋዩ አይወርድም። ታላቁም መጡ። ያ ኩሩ ሰውዬ፣ ለገበያተኛ እንኳ አንገቱን የማይሰብር ሰውዬ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ጥቁር ድንጋይ ተሸክመው ግቢያችን ገቡ። ባሌ ያያቸዋል። ሽማግሌዎቹ "በል እንጂ ልጄ" ይሉታል፤ እሱ ያያቸዋል። ላባቸው አፈር ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ ቢቆይ ደስ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ "ይጣሉት" አለ፤ ጣሉት። ቄሱ ገዘቱ፦ ከሁለት አንዳቸው በውሃ ሰበብ እጁን ቢያነሳ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን፣ ሲሞትም ፍትሐት አይደረግለት። ሁሉም አሜን አለ። በግ ታረደ፣ ተበላ፣ ሰዉ ተበተነ።

ባሌ የተሰበረ ክንዱን በነጠላዬ አንጠልጥሎ በረንዳው ላይ ቁጭ እንዳለ፣ ስለ ነገ የበግ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ፣ "ሁለተኛ ከነካኝ እገለዋለሁ" አለኝ። "ፍትሐቱም ይቅር።"

የሚፎክር ሰው ቢሆን ኖሮ አልፈራም ነበር። ባሌ አይፎክርም።

ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ሊመጣ ሲል መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ለመምህራን ስለ ትምህርት ቤት ጓሮ ሥልጠና ተሰጠን። ያሠለጠነን ከቆላ የመጣ ወጣት ነበር፤ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርቦ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው ያስተማረን። በርሜል ከፍ ባለ ካብ ላይ ይቀመጣል፤ ከበርሜሉ ወፍራም ጎማ ይወጣል፤ ከወፍራሙ ጎማ ቀጫጭን ጎማዎች በየመደቡ ይዘረጋሉ፤ ከየቀዳዳቸው ውሃው በየአትክልቱ ሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሌላው መምህር ስለ ካሮትና ስለ ቀይ ሥር ይጠይቃል። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው።

"ቦይ አያስፈልገውም?"

"አያስፈልገውም፤ በርሜሉን በጀሪካንም ቢሆን ሞልቶ መተው ነው" አለኝ።

በጀሪካን መቅዳት ደግሞ ተራ የለውም፤ ከምንጩ ማንም ሰው መቅዳት ይችላል። እዚያው ወንበሬ ላይ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበረችው መምህርት ጉንፋን መስሏት ሶፍት ሰጠችኝ። በሳምንቱ የጆሮ ወርቄን ሸጬ ዕቃውን አስመጣሁ።

ባሌ የተጠቀለለውን ጎማ ሲያይ "ይሄ ምንድን ነው? ጎመኑ ታሟል እንዴ፣ ግሉኮስ ልትሰጪው ነው?" አለ።

"አንተ ዝም ብለህ ካቡን ሥራ።"

ሠራው። በአንድ ደህና እጅና በአንድ ጠማማ እጅ፣ ከደረቱ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ሠራልኝ። መሠረቱን ሲጥል ከግቢው ጥግ አንድ ድንጋይ እያንከባለለ አመጣ። ጠርዙ የተሸረፈው ጥቁሩ ነው። አውቄዋለሁ። "እሱን ለምን? ሌላ ድንጋይ ጠፋ?" አልኩት።

"ይሄኛው ሸክም ለምዷል፤ ከታች ይሁን" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም፤ ግን ቢያንስ ቤት ነው ያለው፣ ቦዩ ላይ አይደለም ብዬ ሌላ ድንጋይ አቀበልኩት።

መዘርጋቱ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብን፤ ቀኑን ሙሉም ተጨቃጨቅን። እኔ ወፍራሙን ጎማ በመብሻው ቀስ እያልኩ እበሳለሁ፤ እሱ መብሻ የት አባቱ ብሎ ሚስማር በእሳት አግሎ ወጋው። ቀዳዳው ሰፍቶ ቀጭኑ ጎማ ሾልኮ ይወጣል። "የሚሾልከው እኔ በወጋሁት ነው፣ አንቺ በበሳሽው?" "በአንተ ነዋ፣ ዓይንህ የለም?" በእንጨት ውታፍ ደፈንነው። ቀጫጭኖቹን በነጭ ሽንኩርቱና በጎመኑ መደብ ላይ ዘረጋን፣ እንዳይንሸራተቱ በችካል ያዝናቸው፣ ጫፍ ጫፋቸውን አጥፈን በሽቦ አሠርን። አህያዋ ከምንጭ ስትመላለስ ዋለች። በርሜሉ ሲሞላ መክፈቻውን አዞርኩት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጎማው ውስጥ የታመቀ አየር እየተነፈሰ ወጣ። ከዚያ በአንዲት የጎመን ችግኝ ሥር አንዲት ጠብታ አብጣ፣ አብጣ፣ ወደቀች። ባሌ ቁጢጥ ብሎ እሷን ብቻ ያያል። ሁለተኛዋ ወደቀች። "ክንዴ የተሰበረው ለዚህች ነው?" አለ። ሊቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን ቀልድ አልሆነለትም። እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ፤ አልገፋኝም።

ተራውን ለሌላ እንዲሰጡለት ለውሃ አባቱ ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቦዩ አልወጣም። ሽንኩርቱ ያዘ፣ ጎመኑ ቅጠል አወጣ። እኔ ትምህርት ቤት ቆሜ ሳስተምር በመስኮት ወደ ቤታችን አቅጣጫ ማየት ተውኩ። ሰላም ማለት ይሄ ከሆነ እሰይ፣ ሰላም አገኘሁ።

ታላቁ ከላይ ሆነው ያዩን ነበር፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ረጅም ሰዓት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ከዕርቁ ወዲህ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

"አንቺ፣ ያ ነገር እውነት ይሠራል?"

"ይሠራል ጋሼ፤ መጥተው ይዩት።"

"አልመጣም" አሉ። ሊሄዱ ዞረው ተመለሱና "ሌሊት ውሃው ጎማው ውስጥ ያድራል?" ብለው ጠየቁኝ።

"ያድራል፤ ምን ይሆናል ብለው?"

"እህ" አሉና ሰማዩን አይተው ሄዱ። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም። እኔም ሽማግሌ ነገር ይወዳል ብዬ አለፍኩት።

ታኅሣሥ ገባ። ታኅሣሥ በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽበት ወር ነው። ውርጭ ባቄላ እንደሚያቃጥል ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያባቶቻችን ረሃብ ሁሉ ከሱ ነው የመጣው። ጎማ ይሰነጥቃል ብሎ ግን ማን ያስባል? ያ የቆላ ልጅም ስለ ውርጭ አንዲት ቃል አላነሳልንም፤ ከየት ያውቀዋል።

እሑድ ጠዋት ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር፤ ባሌ ከብቶቹን ሊያጠጣ ወደ ምንጩ ወጥቷል። እኔ ስመለስ እሱም ደርሶ ጓሮው መሀል ቆሞ አገኘሁት። በርሜሉ ባዶ ነው። የነጭ ሽንኩርቱ መደብ ታጥቦ ሥሩ ፈጦ ይታያል፤ ጎመኑ ጭቃው ላይ ተኝቷል። ከመክፈቻው ሥር በጭቃ የተሸፈነው ወፍራሙ ጎማ ቁልቁል፣ ቀጥ ብሎ፣ ተሰንጥቋል። አጥሩ ላይ ያለው እሾህ በታላቁ ቤት በኩል ተገፍቶ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ሆኗል። ክፍተቱ ላይ የታላቁ የጫማ ዱካ አለ፤ ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ ጫማ ነው፣ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።

"ቢላ ነው" አለ ባሌ።

ጆሮውን አየሁት። ቀልቷል።

ሽመሉ ከበሩ አጠገብ ነበር። እኔም ያየሁት እሱም ያየው እኩል ነው፤ እሱ ቀደመኝ። ከወገቡ ላይ ተጠመጠምኩበት። "ግዝት አለብህ፣ ግዝት አለብህ" እለዋለሁ፤ እየጎተተኝ ይሄዳል። እግሬ አፈር እያረሰ አጥሩ ድረስ ወሰደኝ። ያን ጠማማ ክንዱን በጥርሴ ያዝኩት። ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ ጨው ጨው አለኝ። በክርኑ አፌን ሲለኝ የፊት ጥርሴ ተሰበረ። እስከዛሬ ከንፈሬን ሳልሸፍን አልስቅም። መሬት ላይ ጥሎኝ በክፍተቱ ወጣ። በጉልበቴም በእጄም እየዳህኩ ተነስቼ ተከተልኩት።

ታላቁ ከላይ ቁልቁል እየመጡ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ እየተራመዱ፣ ወደኛ ግቢ። በቀኝ እጃቸው ቢላ ይዘዋል።

ቢላውን ባላይ ኖሮ ምናልባት ጮኼ አስጠነቅቃቸው ነበር። አየሁትና ድምፄ ጠፋ። ባሌም አየው። ቁልቁል የሚመጣውን ሰውና ሽቅብ የሚሄደውን ሰው የሚለያያቸው ያቺ ቦይ ብቻ ናት።

"አንተ" አለ ባሌ።

ታላቁ ቆሙ። ሽመሉን አዩ፣ ፊቱን አዩ፣ የያዙትን ቢላ ደግሞ ልክ ሌላ ሰው እጃቸው ላይ ያስቀመጠው ይመስል ቁልቁል አዩት። ጣሉት። በሩቅ አሽቀንጥረው ጣሉት። "ቆይ" አሉ፤ ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ አላገኙም። የመጀመሪያውን ምት ልክ እሱ አምና እንዳደረገው በክንዳቸው መከቱት። ሁለተኛው ግንባራቸው ላይ አረፈ። ያን ድምፅ ልገልጸው አልፈልግም። በጎናቸው ወደቁ። ሦስተኛውን ወድቀው ነው የመታቸው፤ አራተኛውን ሲያነሳ ላያቸው ላይ ተደፋሁ።

"በል ምታ፣ እኔ ላይ ምታ" አልኩት፤ ከተሰበረ ጥርሴ ደም እየተረጨ። ሽመሉ አናቴ ላይ ተነስቶ ቆየ። ከዚያ ሲወድቅ ሰማሁት፤ መሬት ላይ ነው የወደቀው።

በነጠላዬ ጭንቅላታቸውን አሠርኩት። ነጠላው ወዲያው ራሰ። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዬ ነበር። ሰው ተሰበሰበ፣ ሚስታቸው ፊታቸውን እየነጩ መጡ፣ ቃሬዛ ተሠራ። መኪና መንገድ ድረስ ሸክም ስለሆነ ትከሻ ያለው ሁሉ ተፈለገ፤ ባሌም ያለ ማንም ጥሪ ገብቶ የፊቱን ጫፍ ያዘ። ማንም ውጣ አላለው። የመታቸው ሰው ነው የተሸከማቸው፤ እኔ ነጠላውን ይዤ ከጎን እሮጣለሁ። ግራ እጃቸው እንደተጨበጠ ነው፤ ልዘረጋው ብሞክር እምቢ አለኝ።

ዳገቱ ላይ ዓይናቸው ተከፈተ። አንደኛው ብቻ። አፋቸው ውስጥ ያለውን ደም ተፉና "ውሃው ቆመ?" አሉ።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"ውሃው። በጨርቅ ባስረው አልያዝ አለኝ።"

ከዚያ እጃቸው በራሱ ተከፈተ። የብስክሌት ከመነዳሪ ነው፤ በቢላ ሰንጥቀው ረጅም ጠፍር ያደረጉት ጎማ። የሚያፈስ ቧንቧ የሚታሰረው በሱ እንደሆነ አገር ያውቃል። ከእጃቸው ላይ አንስቼ ከባሌ ፊት ያዝኩለት። አየው። ቃሬዛው አንዴ ዝቅ አለ፤ ከኋላ ያሉት ምን ሆንክ እያሉ ጮኹበት፤ ቀና አደረገው፣ መሄዱን ቀጠለ። እስከ መኪናው ድረስ አላለቀሰም፤ ግን የሆነ ድምፅ ከደረቱ እያወጣ ነበር፣ በሬ ጭነት ሲከብደው እንደሚያወጣው።

መሐል ሜዳ ሐኪሞቹ ሰፏቸው፣ አስተኟቸው። ነፍሳቸው ተረፈች። የቀኝ ዓይናቸው ግን ብርሃኑ ጠፋ። ፖሊስ መጥቶ "ማን መታዎት?" ሲላቸው ሁላችንም አጠገባቸው ነበርን፤ ባሌ እጁን ሊሰጥ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥቶ ነበር።

"ወደቅሁ" አሉ።

"የት?"

"ገደል ላይ ነዋ። አገራችን ገደል አይደል።"

ፖሊሱ ሲወጣ በቀረቻቸው ዓይን ባሌን አዩት። "ለሰው አልሰጥህም" አሉት፤ ድምፃቸው ደካማ ነው፣ ቃሉ ግን አልደከመም። "እኔው ነኝ የማገኝህ።" ባሌ ጎንበስ አለ። የፈራሁት ነገር ከቦዩ ተነስቶ አልጋ ላይ መጥቶ ተኛ እንጂ አልሄደም።

ቤት ስመለስ ጭቃውን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። ከመክፈቻው ሥር፣ ስንጥቁ የጀመረበት ላይ፣ ከጋቢ የተቀደደ ጨርቅ በሦስት ዙር ተጠምጥሞ በጠንካራ ቋጠሮ ታስሯል። ጥለቱን አውቀዋለሁ፤ የታላቁ ጋቢ ነው። ከመክፈቻው ቀጥሎ ባለው የማጣሪያ ኩባያ ውስጥ ያደረው ውሃ ደግሞ ሌሊት በረዶ ሆኖ ፕላስቲኩን ከውስጥ ሰንጥቆታል። ሁሉንም ለባሌ አሳየሁት። ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰሰው፤ "አባታችን እንዲህ ነበር የሚቋጥረው" አለ። ያን ቀን ምግብ አልበላም።

ታላቁ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ከደብረ ብርሃን መጥተው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎልማሶች ናቸው፣ ዱላ ይዘዋል። ምን እንደሚጠብቁ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ለባሌ "ቆይ፣ እኛ አስቀድመን እንግባ፣ ደማቸው ይብረድ" አሉት። እሺ አላቸው። ሲሄዱለት ዶማ አንስቶ ወደ ካቡ ሄደ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

 ከካቡ ሥር ያን ጥቁር ድንጋይ መማስ ጀመረ። "ሌላ ድንጋይ አለ፣ በርሜሉ ይወድቃል" አልኩት። ማሰውና ፈልቅቆ አወጣው። ካቡ ተናደ፤ በርሜሉ እየተንከባለለ በተረፈው ሽንኩርት ላይ ሄደና አጥሩ ላይ ተሰነቀረ። ዘወር ብሎ አላየውም። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አወጣ፤ ጠማማ ክንዱ ደግፎ ሊይዝለት ስላልቻለ በአንድ እጁ ብቻ ነው የያዘው። ጎንበስ ብሎ ዳገቱን ጀመረ። እኔ ከኋላው ሄድኩ። ሊገድሉት ነው ብዬ ነው የሄድኩት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ልጆቹ ሲያዩት ተነሱ። ትንሹ መጥቶ ጎኑን በዱላ አለው። ባሌ ተንበረከከ፤ ድንጋዩ አልወረደም። ተነሳ። ደገመው፤ አሁን ጠማማውን ክንድ ነው። ባሌ አቃሰተና ሌላ እርምጃ ሄደ። እኔ ድንጋይ አንስቻለሁ፤ ልጁን ልፈነክተው ነው፣ ማንም የሚይዘኝ የለም። ያን ጊዜ ከውስጥ "ማን ነው?" የሚል ድምፅ መጣ። ታላቁ በሚስታቸው ተደግፈው ወጡ፤ ጭንቅላታቸው ተጠምጥሟል። ልጁ ዱላውን ዝቅ አደረገ።

ባሌ እግራቸው ሥር ደርሶ ጎንበስ እንዳለ ቆመ። እሳቸው አላዩትም። እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ዳሰሱ፤ ጣታቸው የተሸረፈው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ የኔው አይደለም?"

"ነው ጋሼ።"

"የት ነበር?"

"ከበርሜሉ ሥር።"

 የባሌ ላብ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል። ትንሹ ልጅ ዱላውን እጁ ላይ ያዟዙራል።

"በርሜሉስ ታዲያ ምን ላይ ቆመ?"

"ወደቀ።"

"ሂድ" አሉት። "መልሰህ አቁመው። ጎማውንም እያመሸ ባዶ አድርገው፤ ውሃ አይደርበት።"

ይህን ብለው ዞረው ገቡ። ይጣል አላሉትም፣ ይቅር ብያለሁም አላሉትም። ባሌ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ድንጋዩን እንደተሸከመ ዞሮ ዳገቱን ቁልቁል ወረደ፤ ላግዝህ ብለው ራሱን ነቀነቀ። ያወረደው የተናደው ካብ ሥር፣ ከነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የክንዱ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር፤ ሳይታሰርለት በፊት ካቡን ሠራ።

አዲስ ጎማ ገዛን። በየምሽቱ፣ ከብት ሲገባ፣ ባሌ የጎማዎቹን ጫፍ ሽቦ እየፈታ ውሃውን ያፈስሳል። ያኔ ከላይ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የታላቁ ድምፅ ይመጣል።

"አፈሰስከው?"

"አፈሰስኩት፣ ጋሼ።"

ሌላ ንግግር የላቸውም። እስካሁን የላቸውም። በፋሲካም ሆነ በልቅሶ ቤት አይነጋገሩም፤ ልጆቹም ሲያዩን ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ ሳልሰማ እራት አላቀርብም። ባለፈው አንድ ቀን ዘገየች። ባሌ ጎማውን አፍስሶ ጨረሰ፣ ሽቦውን አሠረ፣ መልሶ ፈታው፤ ባዶውን ጎማ በእጁ ይዞ ሽቅብ እያየ ቆመ። እኔም በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ከላይ ሰው ሳለና "አፈሰስከው?" አለ፤ እኔም ገብቼ እራት አቀረብኩ።